ሰባ አንድ ጎል ያገባው ሰው

ክሪኬት የሚባል ጨዋታ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁት ግዴለም። እኔም ስንት ዓመት ተጫውቼው በደንብ አላወቅሁትም። የዛሬው ወሬዬም እሱው ነው።

ባጭሩ ላስረዳችሁ። አንድ ሰው ከሩቅ እየሮጠ መጥቶ ኳስ ይወረውርብሃል። ኳሱ ድንጋይ በለው። አንተ ጠፍጣፋ ዱላ ይዘህ ትጠብቀዋለህ። ከኋላህ ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ተተክለዋል፤ ኳሱ እነሱን ከነካ ወጣህ፣ ሄደህ ትቀመጣለህ። ከመታኸው ደግሞ ፊት ለፊት ከቆመው ባልደረባህ ጋር እየሮጣችሁ ቦታ ትለዋወጣላችሁ። አንድ ጊዜ ከተለዋወጣችሁ አንድ ነጥብ። ኳሱ ከሜዳው ጠርዝ ካለፈ ሳትሮጥ አራት ይቆጠርልሃል፤ መሬት ሳይነካ ካለፈ ስድስት። ስትሮጡ ኳሱ ቀድሟችሁ እንጨቱ ጋ ከደረሰ ግን አንዳችሁ ትወጣላችሁ። በቃ። የቀረው ሻይ መጠጣት ነው።

እኔ ይህን ጨዋታ የተማርኩት ደሴ ነው። አትሳቁ። በጃንሆይ ጊዜ ትምህርት ቤቶቻችን በህንድ አስተማሪዎች የተሞሉ ነበሩ። የኛ የሒሳብ አስተማሪ ሚስተር ማቲው ይባላሉ። ሀገራቸው ሲናፍቃቸው አናጢ ዘንድ ሄደው ከዋንዛ አንድ ዱላ አስጠረቡ። አናጢው የልብስ መምቻ መስሎት "ለሚስትዎ ነው?" አላቸው አሉ። ከዚያ እኛን ሰብስበው በቴኒስ ኳስ አስጀመሩን። ለካ እኔ ዓይን አለኝ። ኳሱ ገና ከእጃቸው ሳይወጣ የት እንደሚያርፍ ይታየኛል። ሒሳቡ ግን አይታየኝም ነበር። አንድ ቀን በሰው ፊት "ይህ ልጅ ቦምቤይ ቢወለድ ኖሮ ስሙ ጋዜጣ ላይ ይወጣ ነበር" አሉ። እናቴ ሰማች። ቦምቤይ የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ባሕር ማዶ ነው አልኳት። "እንግዲህ እዚያ ሄጄ እንደገና አልወልድህ" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ ደርግ መጣና ተማሪው ሁሉ ወደ ገጠር ዘመተ። እኔም ዱላዬን ይዤ ዘመትኩ። የጣቢያችን ኃላፊ ዱላውን አየና ይህ የኢምፔሪያሊስት ጨዋታ አይደለም ወይ ብሎ አፋጠጠኝ። የለም ጓድ፣ የተጨቆነው የህንድ ሰፊ ሕዝብ ጨዋታ ነው አልኩት። እንዲያ ከሆነማ ብሎ ዱላውን ተቀበለኝ። የመጀመሪያዋ ኳስ ሦስቱንም እንጨት ዘረረችበት። ወጥተዋል ጓድ አልኩት። ከግንባር ማንም አይወጣም አለ። ፀሐይ እስክትጠልቅ መታ። እንጨቶቹን እያነሳን መልሰን ስንተክል ዋልን።

እሱን እንተወው። ሮም ልውሰዳችሁ።

እኔ በሱዳን በኩል ዞሬ ሮም ስደርስ ታላቅ እህቴ እትዬ ሙሉ ቀድማኝ ነበረች። አዲስ አበባ ታገለግላቸው የነበሩ ጣሊያኖች ሀገራቸው ሲገቡ ይዘዋት መጥተው፣ እዚያው ፊሳ ሆና ትሠራለች። ፊሳ ማለት ከአሠሪዋ ከሲኞራዋ ቤት አድራ የምትሠራ ማለት ነው። ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። የሮም ሐበሻ ሳምንት ሁለት ቀን ነበረው፤ ጆቬዲና ዶሜኒካ። የቀሩት አምስቱ የሲኞራ ናቸው።

እኔ ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ከአራት ወንዶች ጋር እኖራለሁ። ሥራችን መጠበቅ ነው። አንዱ ካናዳን ይጠብቃል፣ አንዱ አሜሪካን፣ አንዱ አውስትራሊያን። እኔ ምን እንደምጠብቅ ገና አልወሰንኩም ነበር። እትዬ ሙሉ ሁለት ጊዜ ሥራ አግኝታልኝ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ነበሩ፤ እሳቸውን መግፋት፣ ማብላት፣ ማልበስ፤ ኮንትራትና ፔርሜሶም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ ይገኝበታል። ሁለቱንም ጊዜ አይሆንም አልኩ። የሰው ወንበር ልገፋ ነው እንዴ ከደሴ የወጣሁት?

አንድ እሑድ እትዬ ሙሉና ጓደኞቿ ምሳ ቋጥረው ወደ አንድ ትልቅ መናፈሻ ሄድን። ሣሩ ላይ እንደተቀመጥን ከጥዶቹ ወዲያ "ቷ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠፍጣፋ እንጨት ኳስ ሲመታ። ከስንት ዓመት በኋላ! ተነስቼ ሄድኩ። ሮም ቅስና የሚማሩ ህንዶች፣ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሲሪላንካዎች፣ ሁለት ሦስት እንግሊዛውያን መምህራን ተሰብስበው ይጫወታሉ። አለቃቸው ፓድሬ ሴባስቲያን የሚባሉ ህንዳዊ ቄስ ናቸው፤ ሆዳቸው ከሳቸው ቀድሞ የሚደርስ፣ ሲስቁ ሜዳው የሚሰማ። እኔም ልሞክር ብዬ ለመንኩ። የቤተ ክርስቲያን ጫማዬን እያዩ ፈቀዱልኝ። ሁለተኛዋን ኳስ ከጥዶቹ አናት በላይ አሳለፍኳት። ፓድሬ ሴባስቲያን ኳሷን በዓይናቸው ተከትለው፣ ከዚያ እኔን አይተው፣ በጣሊያንኛ ስሜን ጠየቁኝ። ደረጀ አልኳቸው። የት ተማርክ አሉኝ። ደሴ ስላቸው ደሴ በየትኛው የህንድ ክፍል እንዳለ ሲያስቡ ቆዩ።

በሦስተኛው እሑድ ከኤምባሲ ሠራተኞች ቡድን ጋር ተጋጠምንና ብቻዬን ሰባ አንድ ነጥብ አስቆጠርኩ።

አሎራ፣ እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ይጀምራል። በሳምንቱ ሐሙስ ሐበሻው ወደሚሰበሰብበት ወደ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብቅ ስል ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ስንት አገባህ አሉኝ። ሰባ አንድ። አንዱ ብቻህን ነው አለ። አዎ ብቻዬን። በረኛ አልነበራቸውም እንዴ? ላስረዳ ሞከርኩ፤ ማን ይስማኝ። ጋሽ ዘነበ የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ በሀገራቸው ዳኛ፣ ሮም ውስጥ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ያለ የአንድ ፔንሲዮኔ፣ የትንሽ እንግዳ ማረፊያ፣ በር ጠባቂ። ከረባታቸውን ሳያስሩ አይወጡም። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ በአንድ ጨዋታ ሰባ አንድ ግብ ያገባ ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ በየኑ። የዳኛ ቃል ነው፤ ጸደቀ። ከወር በኋላ ከሚላኖ የመጣ አንድ ልጅ ሊያየኝ ፈለገ። ከላይ እስከ ታች አይቶኝ በየትኛው እግርህ ነው የምትመታው አለኝ። በሁለቱም አልኩት። ምን ልበል?

ዝና ደግሞ እንደምታውቁት ጠጅ ነው፤ ሲጠጡት ጣፋጭ፣ ሲነሱ እግር ያስራል። ከሰባ አንዱ በኋላ በመጣው እሑድ ዜሮ ወጣሁ። ከዚያ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ ዜሮ፣ ከዚያ ሃምሳ አራት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ዜሮ። ሲሰጠኝ በጎርፍ፣ ሲነሳኝ በድርቅ።

ለእያንዳንዱ ዜሮ ግን ምክንያት ነበረኝ። አንዱን ሁዳዴ ወሰደው፤ ጾሜን ውዬ ሁለት ኳስ መጣብኝና የሌለውን መታሁት። ሌላውን ጋሽ ዘነበ ወሰዱት። ጨዋታዬን ሊያዩ በከረባት መጥተው፣ ዳር ዳሩን መዞር ትተው ሜዳውን በመሐል አቋርጠው ወደ እኔ ይመጣሉ። ወርዋሪው እየሮጠ ነው። እሳቸው ባርኔጣቸውን አነሱ። እናንተ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር? ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ቀና ስል "ልጄ፣ ከኋላህ እንጨት ወድቆብሃል" አሉኝ።

እውነቱን ከነገርኳችሁ ግን ዋናው በሽታዬ ሌላ ነው። ደህና አድርጌ የመታኋትን ኳስ ቆሜ አያታለሁ። በቃ፣ ታምረኛለች። ባልደረባዬ ከዚያኛው ጫፍ ነፍሱ እስክትወጣ እየሮጠ ይመጣል፤ እኔ አንገቴን አንጋጥጬ የራሴን ሥራ አደንቃለሁ። ስንቱን ሰው እንዲህ አስወጣሁት። ፓድሬ ሴባስቲያን በትዕግሥት ለመኑኝ። ኳሷን እኔ አይልሃለሁ፣ አንተ ሩጥ ይሉኛል። እሺ እላለሁ። በሚቀጥለው ቆሜ አያለሁ።

ከሜዳው ዳር ሁልጊዜ በሚታጠፍ ወንበር የሚቀመጡ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ክሪኬትን ለእንጀራ የተጫወቱ ናቸው አሉ። አንድ ቀን ፓድሬን ጠሩና እንዲህ ያለ ዓይን ከእንግሊዝ ከወጣሁ አላየሁም አሏቸው። በዚያው ሳይቀር ወደ ድሮ ክለባቸው ጻፉ። ክለቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በየክረምቱ አንድ የውጭ ተጫዋች ያስመጣል። መኖሪያ አለው፣ ሜዳ የመንከባከብ ሥራ አለው፣ ከሁሉ በላይ ወረቀት አለው። መልስ መጣ። የክለቡ ሰው በግንቦት ሮም ለጉብኝት ስለሚያልፍ አንድ እሑድ መጥቶ ያየኛል።

ይህ ነገር የኔ ብቻ ቢሆን ቀልድ ነበር። ግን የእትዬ ሙሉም ነበር። ወደ ካናዳ ለመሄድ የጀመረችው ጉዳይ አልቆ ቪዛዋ ተመቷል። የቪዛው ቀን በሰኔ ያልቃል። እሷ ግን ሻንጣ አታነሳም። ለምን ስላት፣ አንተን እንዲህ አንጠልጥዬ የት እሄዳለሁ ትለኛለች። የእንግሊዙን ወሬ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችም። ፓድሬ ሴባስቲያንን ሄዳ ጠየቀች። ሲያረጋግጡላት ከሲኞራዋ ጨርቅ ለምና ነጭ ሱሪ ሰፋችልኝ፤ ጨዋታው በነጭ ነዋ። ሱሪውን እየለካችኝ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ "ደሬ፣ አንተ ቦታ ያዝና እኔ ልሂድ" አለች።

ፓድሬ እስከ ግንቦት በየሐሙሱ ለብቻ ልምምድ እንሥራ አሉኝ። በሩጫው ላይ፣ በሩጫው ላይ ብቻ። ቫ ቤኔ፣ እሺ አልኩ። ስንት ሐሙስ የሄድኩ ይመስላችኋል? አንድ። ሐሙስ እኮ ቴርሚኒ ነው። ሐሙስ እኮ ልጃገረዶቹ ሁሉ ከሲኞራ የሚወጡበት ቀን ነው። ሰባ አንዱን ያገባው ሰውዬ እንግሊዝ ሊሄድ ነው ተብሎ ክብ ተሠርቶ ይጠብቀኛል። ጃንጥላ ያቀብሉኛል። እኔ በጃንጥላው ኳሷ እንዴት እንደመጣች፣ እንዴት እንደመታኋት፣ የት እንዳረፈች አሳያቸዋለሁ። በጃንጥላ የሚያህለኝ አልነበረም። ፓድሬ ሴባስቲያን በዚያን ሰዓት መናፈሻው ውስጥ ብቻቸውን፣ ያን ሆድ ይዘው፣ እኔን ይጠብቃሉ።

ቀኑ ደረሰ። እትዬ ሙሉ ለሲኞራዋ ወንድሜ ፈተና አለው ብላ ከማለዳ ወጥታለች፤ ውሸትም አይደለም። አሥራ ሁለት ሴቶች አስከትላ፣ ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ነጠላ ተጎናጽፈው፣ ድፎ ዳቦ ተሸክመው መጡና ከሜዳው ዳር ተደረደሩ። የእንግሊዙ ክለብ ሰው ቀጭን፣ ጺሙን የተላጨ፣ ደብተር የያዘ ነው። ነጭ የለበሰውን ሕዝብ ቢያይ ግራ ገብቶት፣ ከመካከላቸው የሚጫወተው የትኛው ቡድን ነው ብሎ ጠየቀ አሉ።

ገባሁ። ከዚያኛው ጫፍ ባልደረባዬ ራሳቸው ፓድሬ ሴባስቲያን ናቸው፤ ሌላ ሰው ከኔ ጋር መሮጥ እምቢ ስላለ። የመጀመሪያዋን ኳስ መታሁ፤ መሬት ለመሬት ጠርዝ አለፈች። አራት። ሁለተኛዋን በአየር። ስድስት። የሴቶቹ እልልታ መናፈሻውን ሞላው። ደብተሩ ላይ ሰውየው ሲጽፍ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። ልቤ እንግሊዝ ገባ።

ሦስተኛዋ መጣች። ከፍ አድርጌ መታኋት። እንዴት ያለች ኳስ መሰለቻችሁ! በሁለት ጥዶች መሐል፣ በሰማያዊው ሰማይ ላይ፣ እየተሽከረከረች። ከዚያች የሚያምር ነገር መትቼ አላውቅም። ቆሜ አየኋት። ከጆሮዬ ሥር "ሩጥ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ፓድሬ አጠገቤ ቆመው ያለከልካሉ። ያን ሆድ ይዘው ያን ሁሉ መንገድ ጨርሰው ደርሰዋል፤ እኔ ካለሁበት አልተነቃነቅኩም። ኳሷ ጠርዙ ሳትደርስ አርፋ ነበር። ተጋጣሚዎቻችን አንስተው ወርውረው በዚያኛው ጫፍ የተተከለውን ባዶ እንጨት መቱ። ሕጉ ቦታውን ለያዘው ነው፤ ፓድሬ ወጡ። አልተቆጡኝም። ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው "ቆንጆ ነበረች" አሉኝና ሄዱ። ከዚያ ቃል ስድብ ይሻለኝ ነበር።

በሳቸው ቦታ ፈርናንዶ ገባ። ፈርናንዶ አንድ ሀብታም ቤት የሚያገለግል ሲሪላንካዊ ነው፤ ዝምተኛ፣ አጭር፣ ምቱ የማያምር፣ ኳስን እንደ ዝንብ ቸብ እያደረገ የሚሮጥ። እኔ አሁን በንዴት ነድጃለሁ። የፈለገው ይምጣ፣ በሚቀጥለው እሮጣለሁ አልኩ። አራተኛዋ ኳስ መጣች፤ ነካኋት። ከእግሬ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች። እኔ ግን እሮጣለሁ ብያለሁ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ሮጥኩ። ፈርናንዶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተመለስ ተመለስ ይለኛል። ስደርስበት ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ትክክልም ነው። ከኋላዬ እንጨቶቹ ሲወድቁ ሰማሁ። መሮጥ ባለብኝ ጊዜ ቆምኩ፤ መቆም ባለብኝ ጊዜ ሮጥኩ። በአራት ኳስ አሥር ነጥብ፣ ሁለት የወጣ ሰው፤ አንዱ ቄስ።

ዱላዬን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አንገቴን ደፍቼ ስወጣ፣ ሴቶቹ ምን ያድርጉ፣ ጨዋታውን አያውቁት፣ እልልታውን አቀለጡት። ጨርሶ መጣ፣ ከሁሉ ቀድሞ ጨርሶ መጣ ይላሉ። አንዷ ዳቦ ቆርሳ አጎረሰችኝ። እትዬ ሙሉ ብቻ ፊቴን አየች። እጇን ብድግ አድርጋ ዝም አሰኘቻቸው።

"አለቀ?" አለችኝ።

"አለቀ።"

"ሌላ ዙር የለውም?"

"የለውም።"

ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። እስከ መጨረሻው ፈርናንዶ ሲጫወት ከኔ ጎን ሆና አየች። ቸብ፣ ሩጫ። ቸብ፣ ሩጫ። አርባ ነጥብ ሞላ። አንዷም አታምርም ነበር። የክለቡ ሰው መጥቶ እጄን ጨብጦ ምቶችህ ውብ ነበሩ አለኝ። ከዚያ ፈርናንዶን ለብቻው ጠራው። በሐምሌ እንግሊዝ የገባው ፈርናንዶ ነው። በሄደበት ይቅናው፤ እሱ ሮጧል።

ወደ ቶር ፒኛታራ በሚሄደው ባቡር እትዬ ሙሉ መስኮት መስኮቱን ስታይ ቆይታ፣ እንግዲህ እኔም እቀራለሁ አለች። እንደ ቀላል ነገር፣ እንደ ገበያ ወሬ። አትቀሪም አልኳት። የት ልትገባ ነው አለችኝ። ያ ሽማግሌው ጠበቃ ሰው አግኝተዋል ወይ አልኳት። ዞራ አየችኝ። ሁለት ጊዜ እምቢ ያልከውን አለች። ሁለት ጊዜ እምቢ ያልኩትን አልኩ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ገባሁ። ኮንትራቱም ፔርሜሶዬም ተራ በተራ መጡ። በሰኔ አጋማሽ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኋት። በጥቅል የያዘችውን ነገር ሰጠችኝ፤ ነጩ ሱሪ ነው። ጉልበቱን ጠግና፣ አጥባ፣ ተኩሳ። "ለሥራ ይሆንሃል፤ አስታማሚዎች ነጭ ይለብሳሉ" አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ ፊቷን ቶሎ አዙራ ሄደች።

ያን ሱሪ ለብሼ የሰው ወንበር ስንት ዓመት ገፋሁ መሰላችሁ? ስምንት።

አሁን አንድ ኑዛዜ አለብኝ። ከዚያ ከተረገመ ጨዋታ በኋላ በመጣው ሐሙስ ቴርሚኒ ሄጄ ነበር። መቅረት ነበረብኝ። ክቡ ተሠርቷል፣ ጃንጥላው ተዘጋጅቷል። እንግሊዝስ መቼ ነው ተባልኩ። አፌን ከፈትኩ። ቃል ሳይወጣኝ ጋሽ ዘነበ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው "ፓስፖርት ከለከሉህ፣ አይደለም?" አሉኝ። የኛ ኤምባሲ፣ ደርግ፣ እነዚያ እርጉሞች አሉ።

እኔ ምን አደረግሁ? ራሴን ነቀነቅሁ። ይኸው ነው። አንዲት ቃል አልዋሸሁም።

በዚያ ዘመን ሮም ውስጥ ሁላችንም የሆነ ነገር ልንሆን የነበርን ሰዎች ነን። ሐኪም ልሆን ነበር፣ መሐንዲስ ልሆን ነበር፣ ጄኔራል ልሆን ነበር። የቀረብን ሁሉ በደርግ ነው፤ የብዙው ሰው ደግሞ እውነት ነበር። ጋሽ ዘነበ የዳኝነት ወንበራቸውን የተነጠቁት እውነት ነው። እኔ ግን በእውነተኞቹ መሐል ሹልክ ብዬ ተሰለፍኩ። ያ ሁሉ ግፍ የሠራ መንግሥት፣ ክሪኬት የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ሳያውቅ በኔ ጉዳይ ተከሰሰ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ውሸትስ? ውሸት እያደር ይወፍራል። የኔም ወፈረ። ሰው ሲያገኘኝ ከንፈሩን ይመጥልኛል። እኔም ትንሽ ትንሽ ማመን ጀመርኩ። አልፎ አልፎ እሑድ እየሄድኩ እጫወት ነበር፤ ፓድሬ ሴባስቲያን ህንድ ሲመለሱ ግን ጭራሽ ተውኩት።

ዓመታት አለፉ። ሽማግሌው ጠበቃ ዐረፉ። እኔም ሆዴ የፓድሬን ያህል ሆነ። አንድ ግንቦት ደርግ ወደቀ።

ቴርሚኒ ሰው በሰው ሆነ። የሚያለቅስ አለ፣ የሚስቅ አለ፣ የሚከራከር አለ። ጋሽ ዘነበ፣ አርጅተዋል፣ ግን ከረባታቸውን አስረዋል፣ በሕዝቡ መሐል እየተገፉ ወደ እኔ መጡና አቀፉኝ። "ልጄ፣ ከእንግዲህ ማን ይከለክልሃል?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እመኑኝ፣ በዚያን ቀን በደርግ መውደቅ የደነገጡ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፤ ካድሬዎቹና እኔ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ሙሉ ከቶሮንቶ ደወለች። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አንዲት ሴት እያለቀሰች ያንተን ታሪክ ነገረችኝ አለች። ሰውየው የእትዬ ሙሉ ወንድም መሆኑን ሴትዮዋ አታውቅም። በሷ ወሬ ላይ ደርጎች እጄን ሰብረውኛል፣ ግቡም መቶ ሰባ አንድ ገብቷል። እትዬ ሙሉ ዝም ብላ ሰምታ አብራ ከንፈር መጠጠች። ከዚያ ለኔ "ደሬ፣ ጋሽ ዘነበን አታታልላቸው። ሳይሞቱ እውነቱን ንገራቸው" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ከመናገሬ በፊት ግን ጋሽ ዘነበ ቀደሙኝ። እሑድ ሐበሻውን አስተባብረው መናፈሻው ይዘውት መጡ። ቡድኑ ዛሬም አለ፤ ልጆቹ አዲስ ናቸው፣ አብዛኞቹ ሲሪላንካዎች። አንድ ሰው ጎድሏቸው ስለነበር አስገቡኝ። ዱላ ይዤ ቆምኩ።

እንግዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ የሽማግሌ ወንበር ስትገፉ የምትማሩት ነገር አለ። አትቸኩሉም። ኮብልስቶኑን አንድ በአንድ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያዋን ኳስ ቸብ አደረግሁና ሮጥኩ። ሁለተኛዋን ተውኳት። ሦስተኛዋን ቸብ፣ ሩጫ። የመታኋትን አንዷንም ቆሜ አላየሁም፤ ሆዴን ይዤ እሮጣለሁ። ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ሃያ ሦስት ነጥብ አስቆጠርኩ፤ ማንም አላስወጣኝም፣ ማንንም አላስወጣሁም፣ ቡድናችንም በኔ ሃያ ሦስት አሸነፈ። የቡድኑ ልጆች ሮጠው መጥተው እጄን ጨበጡኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በትክክል ተጫውቼ አላውቅም።

ዞር ስል ሐበሻው የለም። መጀመሪያ አዛግተዋል፣ ከዚያ ዳቦውን በልተዋል፣ ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ ሄደዋል። ጋሽ ዘነበና ሦስት ሴቶች ብቻ ቀርተዋል። ጋሽ ዘነበ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ያ ሰማይ የሚወጋ ምትህ የት ገባ?" አሉኝ።

ዛሬ ነው ደህና የተጫወትኩት፣ አሸንፈናል እኮ አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ያኔ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ ይስሙኝ። ፓስፖርት የከለከለኝ የለም። እንግሊዙ መጥቶ እዚሁ ሜዳ ላይ አይቶኛል። ለልምምድ ና ስባል ቴርሚኒ ጃንጥላ እያወዛወዝኩ ነበር። ሩጥ ስባል ቆምኩ፣ ቁም ስባል ሮጥኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም።"

ጋሽ ዘነበ ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ በዳኝነት ዘመናቸው ተከሳሽን እንደዚያ ያዩት ይሆናል። ከዚያ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

"አያችሁ ግፉን?" አሉ። "ያላጠፋውን አጠፋሁ የሚያሰኙትን ያን ግለ ሂስ እንኳ ደርጎች አስለምደውት ነው የሄዱት።"